ተራ ቁጥር አምስት

ሰቆጣ ገበያ መውረጃው ላይ «ዓይናዲስ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት» የሚል ሰሌዳ አይታችሁ እንደሆነ፣ እኔ ነኝ። አይጥ ታሳድጋለች የተባለችውም እኔው ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ዛሬም ፎቶ ኮፒ ሊያነሱ ይመጣሉ፤ አነሳላቸዋለሁ። እስካሁን እነሱ አወሩ፤ አሁን ደግሞ እኔ ላውራ።

አይጥ አይደሉም። ጊኒ ፒግ ይባላሉ። ጭራ የላቸውም፣ ጉድጓድ አይቆፍሩም፣ የማንንም ጤፍ አይሰርቁም። ሣራቸውን በልተው እጅ ላይ የሚተኙ ፍጥረቶች ናቸው። ሆስፒታል ለስድስት ወር የመጣች አንዲት ፈረንጅ ሐኪም ናት ከአዲስ አበባ ይዛቸው የመጣችው። ወረቀት ልታባዛ እኔ ዘንድ ስትመላለስ ወዳጅ ሆንን፤ አገሯ ስትገባ ሁለቱንም ከነቤታቸው ሰጠችኝ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ሻሽ አልኳት፣ ቀይዋን ዳማ። እንዴት እንደሚያዙ ሐኪሟ ስትነግረኝ እኔ እጽፍ ነበር። አንድ ገጽ ሞላ፣ አምስት ተራ ቁጥር።

ጥር ላይ ዳማ መብላት አቆመች። ጥግ ይዛ ኩርምት አለች፤ እግሯን ስነካት ጮኸች። ተራ ቁጥር አራት «አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ነገን አትጠብቂ» ይላል። ሱቄን ዘጋሁ፣ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፍኩላትና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሮጥኩ።

የገበያ ቀን ስለነበር ግቢው በፍየልና በበቅሎ ተጨናንቋል። ከአበርገሌ ድረስ ፍየል እየነዱ የመጡ ነበሩ። ካርቶኔን ያየ ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል።

«ምንድን ነው የያዝሽው ልጄ?» አሉኝ ከፊቴ የቆሙ እናት።

«ታማሚ ነው የያዝኩት፣ እማማ።»

ጎንበስ ብለው አዩና አማተቡ። ያማትቡ!

ሐኪሙ አዲስ ነው። ፈንታሁን ይባላል፤ ከደብረ ታቦር ተመድቦ ከመጣ ሁለት ወሩ ነበር። ካርቶኑን ከፈተና ዳማን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ዳማን አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ። የመጨረሻዋ አስተያየት ረዘም ያለች ነበረች። ልብ ብያለሁ።

«እህቴ፣ አይጥ እኮ አናክምም።»

«እኔም አይጥ አላመጣሁም።»

ከኋላዬ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እጆቹን አሻሽቶ አሞቃቸውና ቀስ ብሎ አነሳት። ሆዷን ዳሰሰ፣ ድዷን ገልጦ አየ።

«በጠጧስ እንዴት ነው?»

«ቀንሷል። ደቋል።»

ሌላው ሰው በአበባ ይጀምራል ይባላል። የእኛ የመጀመሪያ ወሬ ግን ይኸው ነው፤ አላፍርበትም።

ከዚያ ዞር ብሎ መድኃኒት በመርፌ ይቀዳ ጀመር። ወረቀት ማንበብ እንጀራዬ ነው፤ የብልቃጡን ጽሑፍ ከቆምኩበት አነበብኩት።

«ፔኒሲሊን ነው?»

«አዎ። ለፍየሉም ለበጉም የምንሰጠው ነው፣ አይዞሽ።»

«አይወጋም!»

ሲሪንጁን እንደያዘ ቆመ። «ለምን?»

«ፍየል አይደለችማ! ፔኒሲሊን አንጀቷን አበላሽቶ ይገድላታል።»

«ማን አለ?»

«ተራ ቁጥር አምስት!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። የፈንታሁን ፊት ጠቆረ። «እዚህ ቤት ሐኪሙ ማን ነው? አንቺ ነሽ እኔ?»

«ሐኪሙ አንተ ነህ። ባለቤቷ ግን እኔ ነኝ» አልኩና ዳማን ካርቶኗ ውስጥ መልሼ ወጣሁ።

የዚያኑ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሱቄ በር ላይ አንድ ሰው ቆመ። ፈንታሁን ነው። ስልኩን በእጁ ይዟል።

«አንብቤ መጣሁ» አለኝ። «ብወጋት ኖሮ እገድልሽ ነበር... እገድላት ነበር ማለቴ ነው። አንቺ ነሽ ልክ።»

ስንት ስድብ አሰናድቼለት ነበር። አጥፍቻለሁ ብሎ በእግሩ የሚመጣ ወንድ ግን አይቼ አላውቅም።

«ግባ» አልኩት።

ዳማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ምን ነበር የምታበያት?»

«ድርቆሽ፤ ትንሽ ገብስ።»

«እርጥብ ነገርስ?»

«በዚህ በጋ እርጥብ ከየት ይመጣል? የቆላ ፍየል ደረቅ ቅጠል ለቅማ ትኖር የለ እንዴ?»

«ፍየልማ ቫይታሚን ሲን ሰውነቷ ራሱ ይሠራላታል። ይቺ አትችልም። እንደ እኔና እንዳንቺ ናት፤ ከምግብ ካላገኘች ድዷ ይደማል፣ መገጣጠሚያዋ ያብጣል።»

ተራ ቁጥር ሦስት! «ቫይታሚን ሲ፣ በየቀኑ።» በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት። ሐኪሟ የተወችልኝ ኪኒን ታኅሣሥ ላይ ሲያልቅ፣ ፍየል ምን ኪኒን ያስፈልጋታል ብዬ ተውኩት። የፍየል አርቢ ልጅ ነኛ፤ የማውቅ መስሎኝ አሳመምኳት። በሰው ፊት ስለ አምስተኛው ስጮህ የዋልኩት ሴትዮ ሦስተኛውን ራሴ አፍርሼዋለሁ። አለቀስኩ።

አይዞሽ እንኳ አላለኝም። ከኪሱ አንድ ፍሬ ኪኒንና ትንሽ ሲሪንጅ አወጣ። ሲሪንጁ መርፌ የለውም።

«መርፌውን ነቅዬ ጣልኩት» አለኝ።

ኪኒኑን አድቅቆ በውሃ በጠበጠው። እኔ በፎጣ አቅፌ ያዝኳት፤ እሱ ከጥርሷ ጎን አንድ ጠብታ ያደርጋል፣ እስክትውጥ ይጠብቃል፣ ደግሞ አንድ ጠብታ። «በግድ አይጋትም፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ ከመስኖ የተቆረጠ የአበሻ ጎመን በፌስታል ይዞ ይመጣል። እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ያጠጣል። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ ቀና ስል ዓይኑን ከእኔ ላይ ሲያነሳ እይዘዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እሱ እኔን ይይዘኛል።

በአሥረኛው ቀን ገና በር ላይ ፌስታሉ ኮሽ ሲል፣ ዳማ «ዊክ! ዊክ! ዊክ!» ብላ አፏጨች። የራበው ጊኒ ፒግ እንዲህ ነው የሚለው። ፈንታሁን ጎመኑን በትኖ ዘለለ።

«ሰማሽ? ዓይናዲስ፣ ሰማሽ?»

ወደድኩት። ያን ቀን ነው። ለአንድ የዳማ ፉጨት ከነጫማው የሚዘል ዶክተር ከየት ይገኛል?

አባቴ አቶ ኪዳኑ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ በየገበያው ይመጣሉ። መጋቢት ላይ አንድ ቀን ሱቄ ገብተው ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ባምላክ የሚሉት የወልደ ገብርኤል ልጅ ሊያገባሽ ይፈልጋል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይልካሉ። አይጥ ካለበት ቤት ግን አንገባም ብለዋል። ጣያቸው።»

«አይጥ አይደሉም አባዬ።»

«አገር በሙሉ አይጥ ካለ አይጥ ነው!»

«አይጣሉም። ባምላክም ይቅርብኝ።»

አባቴ ሲናደዱ ወደ አፍ መፍቻችን፣ ወደ ኽምጣኛ ነው የሚዞሩት። ያን ቀን ያሉኝን በአማርኛ አልደግመውም። ሲበርድላቸው ግን እንዲህ አሉኝ፤ «በገበያው አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። የአይጧ አባት ይሉኛል። አንድ የተማረ ሰው፣ አንድ ባለማኅተም፣ አይጥ አይደለም ብሎ ይጻፍልኝ፤ አፌን እዘጋለሁ። እስከ ፋሲካ ካላመጣሽ ግን ወይ እነሱን ጣይ፣ ወይ አባት አለኝ አትበይ።»

አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። ከእጃቸው ወጥቶ የማያውቀው የመሬት ደብተራቸው ማኅተም ስላለበት፣ ማኅተም ያለበትን ሁሉ ያምናሉ።

ባለማኅተሙን ደግሞ አውቀዋለሁ! በማግስቱ በምሳ ሰዓት ፈንታሁንን ፍለጋ የክሊኒኩ ሰዎች ወደሚበሉበት ምግብ ቤት ሄድኩ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጧል። ምሳው የሚባለው ጓደኛው ጮክ ብሎ፣ «ፈንታሁን፣ እውነት ከሥራ በኋላ አይጥ ታክማለህ አሉ?» አለው።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ፈንታሁንም ሳቀ።

«ኧረ ወዲያ! ማን ነው ያለህ?»

ምሳው አየኝና ሳቁ ቆመ። ፈንታሁን ዞረ። እኔ ወጥቻለሁ። መንገድ ላይ ደረሰብኝ።

«ዓይናዲስ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

«እኔም ልቀልድ እንግዲያው። አላውቅህም።»

ቤቴ ገብቼ ጎመኑን እየቆረጥኩ አለቀስኩ። ተናድጄም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ከፍቶኝ ነበር። አገር ሲስቅብኝ አልሞትኩም። የእሱ ሳቅ ግን ገደለኝ። ሦስት ቀን እየመጣ ሱቄ በር ላይ ቆመ። «ፎቶ ኮፒ ነው? ካልሆነ ደህና ዋል» እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን ቀረ። መቅረቱ ደግሞ ከመምጣቱ ባሰብኝ።

የፋሲካ ገበያ ደረሰ። አባቴ እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ በእጄ ምንም የለኝም። ታዲያ ልጣላቸው? ምላሴን ይቁረጠው! በማለዳ ተነሥቼ ያቺን ገጽ በትልልቅ ፊደል አተምኩና በሬ ላይ ለጠፍኳት።

«ጊኒ ፒግ ለሚያሳድግ ሁሉ። በሰቆጣ እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢሆንም ይታወቅ።
1. ብቻዋን አትኖርም፤ ጓደኛ ትፈልጋለች።
2. ሣር ከፊቷ አይጥፋ፤ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል።
3. ቫይታሚን ሲ በየቀኑ። ይህን ያጠፋሁት እኔ ዓይናዲስ ኪዳኑ ነኝ።
4. አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ።
5. ፔኒሲሊን በፍጹም አይሰጣትም። ይህን ሊያጠፋ የነበረው ሐኪም ስሙን ያውቃል።»

እስከ ሦስት ሰዓት በሬ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበ ይሳሳቃሉ። አባቴ በትራቸውን ይዘው መጡና ከሰው መሃል ቆሙ። እኔ እጄን አጣጥፌ ደፉ ላይ ቆምኩ።

ያኔ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ፈንታሁን ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መጣ፤ ምሳውና ሌሎቹም ከኋላው። ወሬው ክሊኒክ ደርሷል ማለት ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጆሮው ቀላ።

«እስክሪብቶ አለሽ?»

ሰጠሁት።

ከተራ ቁጥር አምስት ሥር ጻፈ። ሲጨርስ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበበው፤

«ሐኪሙ እኔ ነኝ። ይቺ እንስሳ ጊኒ ፒግ ናት፤ አይጥ አይደለችም። ያዳናት የባለቤቷ እምቢታ ነው። አክሜያታለሁ፤ ወደፊትም አክማታለሁ።»

ፈረመ። ከጋዋኑ ኪስ ስሙ ያለበትን ማኅተም፣ ቲተር የምንለውን፣ አወጣ። ቀለሙ ደርቆ ኖሮ ሁለት ጊዜ ተነፈሰበትና ጓ! አድርጎ መታው።

«ኧረ ዶክተር!» አለ ምሳው፣ «በቲተር ይቀለዳል?»

«አልቀለድኩም። የቀለድኩት ያን ለት ምሳ ላይ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ያን ለት ፈራሁ፣ ዓይናዲስ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ስትሰሚው የኖርሽውን እኔ አንድ ቀን መስማት አቃተኝ። ይቅር በይኝ።»

ልመልስ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ። ጠጋ ብለው ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አደረጉ።

«ማኅተም ነው ይሄ?»

«ቲተር ነው አባቴ። የራሴ ስም ነው» አለ ፈንታሁን።

«የራስህ ስም። ለአይጥ... ለዚች እንስሳ ብለህ?»

«ለእሷም።»

አባቴ ሞኝ አይደሉም። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «እኔ የጠየቅሁት ስለ እንስሳዋ ብቻ ነበር» አሉ። «አንተ ከዚያ በላይ ፈርመሃል። አገርህስ ሩቅ ነው፣ ሽማግሌ ከየት ታመጣለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ቆይ!» አልኩ እኔ። «እኔን የጠየቀኝ አለ?»

ሰዉ ሳቀ። ፈንታሁን ግን አሁንም አልሳቀም። «ዓይናዲስ፣ ሽማግሌ ልላክ?»

ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየሁት። ይጨነቅ ትንሽ፤ ምን ይሆናል! ከውስጥ ዳማ ድምፁን ሰማችና «ዊክ! ዊክ!» አለች። ሻሽም ተከተለች።

«ጎመን ይዘህ ከመጣህ ላክ» አልኩት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች አባቴ ደጅ ቆሙ። አንዱ ምሳው ነበር። አባቴ «የልጃችሁ ሥራ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «የእንስሳት ሐኪም ነው» አለ። «የየትኛው እንስሳ?» አሉት አባቴ፣ ሆን ብለው። ምሳው ጋቢውን አስተካከለና «የሁሉም፣ አባቴ» አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ቡጢዬን ነክሼ ሳቅሁ።

የጋብቻ ወረቀታችን ባለ ክብ ማኅተም ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ያ ባለቲተሩ ግን በሬ ላይ ነው። ፀሐይ እያደበዘዘው ኮፒ አነሳለታለሁ፤ ኮፒ ደግሞ ማኅተሙን ጥቁር ስለሚያደርገው ፈንታሁን በአዲሱ ላይ በሰማያዊ ቀለም እንደገና ይመታበታል። ካገባን ወዲህ አራት ጊዜ መቷል፣ አራቱንም ጊዜ ገበያው ሞልቶ ሰው እያየው።