ከጀርባው ጋር የታሰረው ጀሪካን

ደራሹ ወንዝ በቅሎዋን ከነጭነቷ ጠቅልሎ ወሰዳት። ከሁለቱ ጀሪካኖች አንዱ አብሯት ሄደ። ሌላውን አስር አለቃው ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ጎትቶ አወጣው። አዞ ተረከዙን ቦጭቆታል።

«አስር አለቃ፣ ስንት ተረፈ?» አለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ።

«ከእግሬ ነው ከጀሪካኑ?»

«ከጀሪካኑ።»

«አይ ልጄ! ሃያ ሊትር።»

ልጁ ናት። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ግን አንቱ እያለች በማዕረጉ ትጠራዋለች። ጦሩ ሲበተን የተረፈውን የፈንጂ ዱቄት ጉድጓድ ውስጥ የቀበረው እሱ ነበር። ዱቄቱ ሟሙቶ የጉድጓዱን ውሃ አቀላው፤ ወደ መንደሩ ምንጭ የሰረገው ውሃ እናቷን ገደለ። ዘንድሮ ዝናቡ ጉድጓዱን ሞልቶ ካፈሰሰው፣ እህቷ ከነልጆቿ የምትጠጣው ወንዝ ይመረዛል። ጀሪካኑ ውስጥ ያሉት፣ በላቦራቶሪዋ አራት ዓመት ያራባቻቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ያን መርዝ ይበላሉ። ጉድጓዱን በከበበው የፈንጂ ሜዳ መካከል ማለፊያውን የሚያውቀው ደግሞ አባቷ ብቻ ነው።

ከፈንጂው ሜዳ በፊት ካለው ገደል አፋፍ ላይ ሁለት ሰዎች ጠበቋቸው፤ ከአካባቢው የመድፍ ቀለህ እየቆፈሩ የሚሸጡ ናቸው።

«ቦታው ጸድቶ ሰው ሁሉ ከገባበት እኛ ድንጋይ እንብላ?» አለ አንዱና ተኮሰ።

ጥይቱ አባቷ ጀርባ ላይ የታሰረውን ጀሪካን በስቶ እዚያው ጀርባው ውስጥ ቀረ። ሁለተኛው ጩቤ መዞ ሲመጣባት በያዘችው አካፋ መንጋጋውን አለችው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ተኳሹ እንደገና ጥይት ሊያጎርስ ሲያጎነብስ ማጅራቱን ደገመችው። ተንከባሎ ገደል ገባ። መንጋጋ ሰባራው እግሬ አውጪኝ አለ፤ ሠላሳ እርምጃ ሳይሞላ ምድር ፈንድታ በታተነችው።

«ጀሪካኑን ያውርዱት!»

«እንዳትነኪው! የውጩን ቀዳዳ በጭቃ ድፈኚ። የውስጡን እኔ ደፍኜዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ቀዳዳው ከቁስሉ ጋር ገጥሟል፤ ገመዱ ከላላ ሁለቱም ይፈሳሉ።

«እርስዎ ይሞታሉ።»

«የቀበርኩት እኔ ነኝ። ይልቅ አጥብቂው!»

ጉልበቷን ጀሪካኑ ላይ ተክላ ገመዱን አጠበቀችው። «ግራ... ቁሚ... ቀኝ...» እያለ ሜዳውን አሻገራት። ሺህ አራት መቶ እርምጃ ቆጠረች። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ጀርባውን ሰጥቶት ተንበረከከ። ገመዱን ስትበጥሰው ፈሳሹና ደሙ አንድ ላይ ቀዩ ውሃ ውስጥ ወረዱ።

«አባዬ» አለችው።

«አቤት» አለ። በዚያው ወደ ፊቱ ተደፋ።

እዚያው ቀበረችውና ድንጋይ ከመረችበት። በየማለዳው ከጉድጓዱ አንድ ብርጭቆ እየቀዳች በውሃው ውስጥ አሻግራ ወደ መቃብሩ ታያለች። አሥራ ሁለት ቀን ቀይ እንጂ ሌላ አልታያትም። በአሥራ ሦስተኛው በውሃው ውስጥ የመቃብሩን ድንጋዮች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ዝናቡ የጀመረው በማግስቱ ነው።