ሃያ ጊዜ ያየ ዓይን

በአሜሪካዋ አዮዋ የገጠር መንገድ መኪና ከመኪና ሲተላለፍ ሾፌሩ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሣል፤ ሰላምታው ይኸው ነው። ኤልደን ግን ለሮዌና መዳፉን ሙሉ አነሣላት። ከጎኑ የተቀመጠችው ሊኔት ይህን አየች፤ ካየች በኋላ ሌላ ነገር ማየት ተሳናት።

ሊኔት በበቆሎ ምርምር ጣቢያው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበረች። «አዲሱ ዘር ከነባሩ ይበልጣል» የሚል ሁሉ በእርሷ ፊት ያልፋል። የሥራዋ ሕግ ጥብቅ ነው፦ በቂ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ልዩነት የለም ይባላል። ኤልደን ዘር አዳቃይ ነው፤ የተዋወቁትም የመጀመሪያ ዘሩን «ከነባሩ አይበልጥም» ብላ በጣለችበት ቀን ነበር።

«ጨክነሽ ነው?» አላት ያን ቀን።

«ልቤ እዚህ ውስጥ አልገባም።»

ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ልቧ ገባ፤ በጥቅምት ሊጋቡ ቃል ተገባቡ።

ሮዌና የመጣችው በማዳቀያው ወቅት፣ የበቆሎውን አበባ በወረቀት ከረጢት ከሚሸፍኑት የኤልደን ሠራተኞች ጋር ነው። ረጅም ናት፤ ሳቋ ከማሳ ማሳ ይሻገራል።

ሊኔት መከታተል ጀመረች። ምሳ አብረው ይበላሉ? አይበሉም። ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለወጣል? አይለወጥም። ምንም ባጣች ቁጥር ከማረፍ ይልቅ ሌላ የምትለካው ነገር ትፈልጋለች። በመጨረሻ አንድ እሑድ የኤልደንን መኪና ከሮዌና ደጅ ቆሞ አየችው። «አገኘሁ» አለች።

በማግስቱ ከማሳው ዳር ያዘችው።

«ትናንት መኪናህ የት ነበር?»

«ሮዌና ደጅ።»

«አታፍርም?»

«ምን ያሳፍረኛል? ጠየቅሽኝ፣ መለስሁልሽ።»

ቀለበቷን አውልቃ የመኪናው ሞተር ክዳን ላይ አኖረችው። ኤልደን አየው እንጂ አልነካውም።

«ከመኪናው በፊት ምን ምን አይተሻል?»

ፊቷን ወደ ማሳው መለሰች።

«ንገሪኝ እንጂ፣ ዳኛዬ!»

«ምሳህን። ሳቅህን። ድምፅህን። በቤተ ክርስቲያኑ የጋራ ማዕድ፣ ሁሉም ካመጣው የማንን ምግብ አስቀድመህ እንደቀመስህ።»

«የማንን ቀመስሁ?»

«የእኔን» አለች ቀስ ብላ።

«ያን ሁሉ ጣልሽና መኪናዬን ያዝሽ! ዘሬን ስትጥይብኝ ምን አልሽኝ? ‹ሃያ ነገር የለካ ሰው አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ይሰምርለታል፤ የሰመረልህን ብቻ ይዘህ አትምጣ› አላልሽኝም? በበቆሎ የከለከልሽኝን በእኔ ላይ ሠራሽው!»

ፊቷ ደም መሰለ። ሌሎችን የምትገሥጽበት ስህተት ውስጥ ራሷ ወድቃለች። ቅናቷ ግን አልተኛም።

«እንግዲያው እዚያ ምን ትሠራ እንደነበርህ ንገረኝ።»

«አልነግርሽም። ዛሬ ብነግርሽ ነገ ሌላ ነገር ትለኪያለሽ።»

ነፋሱ የበቆሎውን ቅጠል ያንሿሿል። ሊኔት ቀለበቱን እያየች ቆመች። ሁለት ስህተቶች አሉ፦ ንጹሑን መኮነን፣ በደለኛውን ማመን። አንዱን በር አጥብቆ የዘጋ ሌላውን ያሰፋል፤ ስለዚህ በሥራዋ የትኛው እንደሚከፋ አስቀድማ ትወስናለች። በፍቅሯ ግን ሁለቱንም በር ልትዘጋ ስትሮጥ ከረመች። ማስረጃ መጥፋቱ የኤልደንን ንጽሕና እንደማያረጋግጥም ታውቃለች።

«ብትከዳኝ» አለች ቃላቱን እየመዘነች፣ «አንድ ቀን አውቄ አለቅሳለሁ። ንጹሕ ሆነህ ብጥልህ ግን መሳሳቴን እንኳ ሳላውቅ እኖራለሁ። ይህኛው ይከፋብኛል።»

ቀለበቱን አንሥታ አጠለቀች። ኤልደን በረጅሙ ተነፈሰ።

«ቅናቱስ?»

«እርሱ አይለቀኝም።»

«ጥቂት አስቀሪልኝ፤ ጨርሶ ከተወሽ ደግሞ እኔ መጠርጠሬ ነው።»

ፈገግ ልትል ስትል ከበቆሎው መካከል የሮዌና ድምፅ መጣ። «ኤልደን! ከረጢት አለቀብን፣ ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!»

ኤልደን አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ጠበቃት።

«ሂድ» አለችው።

ሄደ። እርሷም ፊቷን ወደ ቢሮዋ መለሰች። ብዙ ሳትርቅ ሳቃቸው ከኋላዋ ተሰማ። ማን አስቀድሞ እንደሳቀ ለመለየት ጆሮዋ ቆመ፤ እግሯ ግን አልቆመም።