የሁዳዴ ፉርሽካ

ሊሚ እጇን ወደ ሦስተኛው ሳጥን ሰደደች። ገለባ ብቻ። ወደ አራተኛው ሰደደች፤ እሱም ገለባ፣ ያውም የቀዘቀዘ። ስምንት ዶሮዎች አሏቸው፤ ከስምንቱ አንዷ እንኳ እንቁላል አልጣለችም። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

«አለ?» አለች እናቷ ከበሩ ሆና።

«የለም፣ እማ።»

እናቷ ደሳለች ነጠላዋን አጣፍታ ለስግደት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ነበር። የሕማማት ማክሰኞ ነው። ከበሩ ተመለሰችና ወደ ዶሮ ቤቱ መጥታ በሽቦው አጮለቀች። ዶሮዎቹ ጥግ ይዘው ተኮልኩለዋል። የጀርባቸው ላባ ሳስቷል፣ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ገርጥቷል።

«በቃ፣ አርጅተዋል» አለች። «ለጋሽ ጌጡ ነግሬዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ይወስዳቸዋል። ለፋሲካ ሥጋቸው እንኳ ለሰው ይጥቀም።»

ጋሽ ጌጡ ዶሮ ነጋዴ ነው። በዓል ሲደርስ የዶሮዎቹን እግር አስሮ፣ በሁለት እጁ ቁልቁል አንጠልጥሎ በዚህ ዳገት ሲወርድ ሊሚ ስንቴ አይታዋለች።

«እማ፣ እነሱ እኮ ገና...»

«ገና ምን?»

ሊሚ ወደ ገለባው ዞረች። «ምንም» አለች።

ደሳለች በረጅሙ ተነፈሰች። «አይ እኔ። እጄ ላይ ነገር አይረጋም። ከጫጩትነታቸው ጀምሬ ለፍቼ ለፍቼ፣ ልክ የፋሲካ ሰሞን ይንጠፉ? ለታችኛዋ ጎረቤታችን ለዓለምነሽ ለፋሲካ ሠላሳ እንቁላል ቃል ገብቼላታለሁ። አሁን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ለሊሚ አይደለም የተናገረችው፤ ለራሷ ነው። መቀነቷን አጠበቀችና ወጣች።

ሊሚ ገለባውን ይዛ ቆማ ቀረች። እናቷ የራሷን እጅ ነው የምትረግመው፤ ያጠፋው እጅ ግን የእናቷ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ሁዳዴ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ነው። የዶሮዎቹን መኖ ከሸጎሌ ገበያ መግዛት የሊሚ ሥራ ነው፤ በወር አንዴ አንድ ኬሻ። ያን ቀን ኬሻውን ታክሲ ውስጥ እግሯ ሥር አስቀምጣ ስትቀመጥ ሽታው መኪናውን ሞላው። መኖው ውስጥ የዓሣ ዱቄት አለበት፣ ምን ይደረግ። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ «እህት፣ ዶሮዋን የት ጥለሽ ነው ምሳዋን ብቻ የጫንሽው?» አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ አራት የክፍሏ ልጆች ነበሩ። ይባስ ብሎ ሩቲ፣ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጠው ሩቲ፣ ከሁሉም ጮክ ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ሊሚ ስሟ ጠፋ። «መኖ መጣች» አሉ። «መኖ፣ የሒሳብ ደብተርሽን አውሺኝ።» ስምንተኛ ክፍል ያለ ሰው እንዲህ ሙድ ሲያዝበት ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አያውቀውም። ሊሚ ያን ሰሞን ዩኒፎርሟን እያሸተተች ነበር ከቤት የምትወጣው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ወደ ሸጎሌ አልወረደችም። ከቤታቸው ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ካለው ወፍጮ ቤት ፉርሽካ ገዛች፣ በባዶው የመኖ ኬሻ ውስጥ ገለበጠችው፣ አፉን አስራ ጓዳ አስገባችው። ፉርሽካ አይሸትም። ደግሞስ ምን አለበት? ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ ዶሮውም አብሮ ይጾማል፤ ሁሉም ፉርሽካ ይበትናል። ደሳለች ብቻ ነች «እነሱ ደግሞ ምን ጾም አለባቸው?» ብላ ዓመቱን ሙሉ የእንቁላል ጣይ መኖ የምታበላው። ልብስ ስፌቷ ላይ አቀርቅራ ስለምትውል ግን ኬሻውን ከፍታ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። መኖ መስጠቱም ቢሆን የሊሚ ሥራ ነው።

የተረፈውን ብር ሊሚ አልነካችውም። የኮምፓስ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮውን መክፈት አስጠላት። በሁለተኛው ወር ፉርሽካ ስትገዛ የተረፈውም እዚያው ገባ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ የእንቁላሉ ቅርፊት ሳሳ። ሁዳዴን ስለማይጾሙ እንቁላል የሚገዟቸው የሩቲ ቤተሰቦች «ከመያዛችን ይፈርጣል» አሉ። ቀጥሎ በቀን ሦስት፣ በቀን አንድ። ከዚያ ምንም።

የዚያ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ሊሚ ሩቲን አጥር ጥግ ያዘቻትና ሁሉንም ነገረቻት። ሌላ የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

«እና አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሩቲ።

«ሸጎሌ እወርዳለሁ። ምርጥ መኖ እገዛለሁ። ዛሬና ነገ አጥግቤያቸው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሦስት እንቁላል ከጣሉ እማ አትሸጣቸውም። ማንም ምንም አያውቅም።»

ሩቲ አየቻት፣ አየቻትና ቦርሳዋን አነገተች። «ነይ፣ አብረን እንሂድ» አለች። «ኬሻውን አግዝሻለሁ።» ታክሲው ውስጥ ስለሳቀችው ሳቅ ይቅርታ ጠይቃት አታውቅም፤ ምናልባት ይሄ ነው ይቅርታዋ።

የእትዬ ቦሰና መኖ ቤት ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው ዝቅ ብሎ ነው። እትዬ ቦሰና ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ዱቄት ለብሳ የምትውል ሴት ናት። ሦስት ዓይነት ኬሻ ደጃፉ ላይ ተደርድሯል። ሊሚ ድሮ ስትመጣ «እንደተለመደው» ብላ ገዝታ ነበር የምትሄደው። ዛሬ ግን ተንበርክካ በየኬሻው አፍ ላይ የተሰፋውን ወረቀት አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች።

«ይሄኛው ይሻላል» አለች። «ፕሮቲኑ ሃያ ነው። ያኛው አሥራ ስድስት ብቻ ነው።»

እትዬ ቦሰና ሳቀች። «ፈተና መሰለሽ እንዴ? ብዙ ያመጣው አንደኛ የሚወጣ? ሃያው የጫጩት ነው። መሀለኛው የቄብ ነው፣ መጣል ላልጀመረች። የምትጥል ዶሮ ካለሽ የእሷን ወረቀት አንብቢ። ካልሲየም ከሚለው ላይ ስንት ይላል?»

«ሦስት ተኩል... እዚህ ላይ ደግሞ አንድ።»

«አየሽ። ቅርፊቱ የሚሠራው ከዚያ ነው። ከዚያ ደግሞ የተመረተበትን ቀን እዪ፤ ብዙ የቆየውን ተይው።» ከተከፈተ ኬሻ ጭብጥ አድርጋ ዘግና በሊሚ መዳፍ ላይ አፈሰሰች። «አሽትቺው። ሻገተ ሻገተ ካለሽ፣ ወይም ከተጓጎለ፣ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ።»

ሊሚ አሸተተች። የዓሣው ሽታ አለ። ሻጋታ ግን የለውም።

«እትዬ ቦሰና፣ ፉርሽካ ብቻ የበላች ዶሮስ?»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሁዳዴን... ማለቴ፣ ሁዳዴን ሙሉ።»

የሴትዮዋ ሳቅ ቀረ። «ፉርሽካ እኮ ሆድ ይሞላል እንጂ እንቁላል አይሆንም። መጀመሪያ ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ትጥልልሻለች። አጥንቷ ሲሳሳ፣ ያኔ ታቆማለች። ምን ታድርግ?»

ሊሚ መዳፏ ላይ ያለውን መኖ አየች። እነዚያ የሳሱ እንቁላሎች። በእጅ ሲይዟቸው ይፈርጡ የነበሩት። ከአጥንታቸው ነበር ለካ። ዓይኗ ሞላ፤ አቧራ የገባባት መስላ በክንዷ ጠረገችው።

«ዛሬ ይሄን ባበላቸው፣ ሐሙስ ይጥላሉ?»

«የትኛው ሐሙስ?»

«የአሁኑ።»

«አይ ልጄ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። በአንዴም አትቀይሪባቸው፣ ሆዳቸውን ያበላሸዋል። መጀመሪያ ሩቡን አዲስ፣ የቀረውን ያንኑ ፉርሽካ፤ እያልሽ እያልሽ በሳምንቱ ሙሉ ለሙሉ ታዞሪዋለሽ። ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ዓመት ከሁለት ወር።»

«ታዲያ ገና ናቸው እኮ! የማን ናቸው?»

«የእናቴ» አለች ሊሚ፤ ብሩን መቁጠር ጀመረች።

የተጠራቀመው ብር ለአንድ ኬሻ በቅቶ ተረፈ። ኬሻውን በሁለት ጫፍ ይዘው እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከሙት።

«አንድ ነገር ልበልሽ?» አለች ሩቲ ታክሲ ሲጠብቁ። «ዝም በይ በቃ። ሐሙስ ይሄዳሉ፣ ያልቃል። እናትሽ ራሷ አርጅተዋል ብላለች አይደል? ማንም አይነቃም። ከነገርሻት ግን፣ ውይ፣ ስልክሽን እርሺው፣ ትወርሰዋለች።»

ሊሚም ያንኑ እያሰበች ነበር። ዝም ብትል በቃ ያልቃል። ዶሮዎቹ አይናገሩ። ኬሻው ይጣላል። እማ ደግሞ... እማ ደግሞ ሌላ ዶሮ አትገዛም። «እጄ ላይ አይረጋም» ብላ ትተወዋለች። ይህን ከየት እንዳመጣችው ሊሚ አላወቀችም፤ ግን እርግጠኛ ነበረች። እናቷ አንዴ እጄ ላይ አይረጋም ያለችውን ነገር ዳግመኛ አትሞክረውም።

ታክሲው ሲመጣ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት የክፍላቸው ልጆች ነበሩ። «እንዴ፣ መኖ!» አለ አንደኛው። ሩቲ ኬሻውን ወደ ራሷ ሳበችና ዞር ብላ «አታካብድ፣ ፋራ» አለችው። ልጁ ሌላም ተናገረ፤ ሊሚ ግን አልሰማችውም። ከልጆቹ ሳቅ የሚብስ ነገር ቤት ይጠብቃታል።

ሊሚ ቤት ስትደርስ እናቷ አልመጣችም። አዲሱን ኬሻ ከዶሮ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠች። ከጓዳ አሮጌውን አወጣችና አጠገቡ አቆመችው። ከዚያ ተቀምጣ ጠበቀች። አንዴ ተነሥታ አሮጌውን ወደ ጓዳ መለሰችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እንደገና አወጣችው። የሆሣዕና ዕለት ጣቷ ላይ ያሰረችውን የዘንባባ ቀለበት ስትፈትል ስትፈትል በጠሰችው።

ደሳለች ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ውላ ጉልበቷ ዝሏል፤ በሩን ይዛ ነው የገባችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ሐሙስ ለሚሄዱ ዶሮዎች መኖ ትገዢያለሽ እንዴ? ደግሞ በየትኛው ብር?»

ሊሚ ለመናገር የተዘጋጀችው ብዙ ነበር። ከልጆቹ ሳቅ ልትጀምር ነበር፣ ከታክሲው፣ ከሽታው። ሁሉንም ተወችው። የእናቷን እጅ ያዘችና አሮጌው ኬሻ ውስጥ አስገባችው።

ደሳለች ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። ዘገነች። አወጣችና አየችው።

«ፉርሽካ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁዳዴ ከገባ። እኔ ነኝ፣ እማ። አላረጁም። እጅሽም ምንም አላደረገም። ኬሻውን ተሸክሜ መታየት አፍሬ ነው። ብሩ ይኸው፣ ከዚህ የተረፈው አለ።» የኮምፓስ ቆርቆሮውን ዘረጋችላት።

እናቷ ቆርቆሮውን አልተቀበለችውም። ፉርሽካውን በጣቶቿ መሀል ወደ ኬሻው መልሳ አፈሰሰችው። ሊሚ ቁጣ ጠብቃ ነበር። እጇን ልትይዛት ፈለገች፣ አልደፈረችም።

«እኔ እኮ» አለች ደሳለች በመጨረሻ፣ «ዛሬ ስሰግድ የዋልኩት ስለዚህ ነው። ምን በድዬ ነው እያልኩ።» በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ዶሮዎቹ የሰው ድምፅ ሰምተው ወደ ሽቦው መጡ። አንዷ አንገቷን አውጥታ የአዲሱን ኬሻ ጥግ በመንቁሯ ነካካች።

«መኖ ሻጯ በስንት ደባልቂው አለችሽ?»

«ሩቡን አዲስ፣ የቀረውን ፉርሽካ። በሳምንት ሙሉ ለሙሉ። ለፋሲካ ግን አይደርስም።»

ደሳለች አጎንብሳ የመኖውን ጣሳ አነሣች። ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ ለሊሚ ሰጠቻት። «ለጋሽ ጌጡ እንደማንሸጥ አንቺ ነሽ የምትነግሪው፣ እኔ አልደውልም። ስለ አንቺ ጉዳይ ገና አልተነጋገርንም።»

ሊሚ ደወለች። ጋሽ ጌጡ ተቆጣ፤ ቦታ አስይዤ፣ ገዢ ይዤ አለ። እስኪጨርስ ሰማችው፤ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ዘጋችው።

«ዓለምነሽስ?» አለች እናቷ ጣሳውን እየሞላች፣ ቀና ሳትል። «ሠላሳ እንቁላል ብላ ነው የምትጠብቀው።»

የእትዬ ዓለምነሽ ቤት ከታች፣ የክፍሏ ልጆች ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ማዕዘን አለፍ ብሎ ነው። አሁንም አሉ፤ ሳቃቸው እስከዚህ ይሰማል። የሊሚ ዩኒፎርም ከደረቷ እስከ ጉልበቷ መኖ ብቻ ነው፤ ሽታው ለራሷም ይሸታታል። እናቷ ሩቡን አዲስ፣ ሦስት እጁን ፉርሽካ አድርጋ መመገቢያው ላይ ስታፈሰው ስምንቱም ተረባርበው ደረሱ።

«ለእትዬ ዓለምነሽም እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ሊሚ፤ ልብሷን ሳትቀይር በሩን ከፍታ ወረደች።