ከበሮው ሲጀምር በሩን ያዙ

ለፖሊስ የሰጠነው ቃል ውሸት ነው።

ወርቅአገኘሁ ገደል አልወደቀም።

ይህን የምጽፍላችሁ እሱ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው። አሁን መናገር ስለማይችል ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ... «ሁሉንም ጻፈው። የእናንተንም እጅ አትደብቅ።»

የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ቦታው ከአንኮበር ወደ ቆላው የሚወርደው የእግር መንገድ። ቀን ነበር። አልጠጣንም። ማናችንም አልተኛንም።

ስሜ ባዩ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሻን ነኝ።

አራት ጓደኛሞች ነበርን። ዘርአ ዳዊት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ቁመቱ በር የሚሞላ ሰው ነው። ትርሲት ነርስ ናት። ወርቅአገኘሁ ደግሞ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ሙዚቃ ያቀናብራል። እኛ ወርቄ ነው የምንለው።

ያገናኘን አንድ የድሮ የኮምፒውተር ጌም ነው። አንድ ጀግና ብቻውን የሚዋጋበት አይደለም። ቡድን እየመራህ ዋሻና ፍርስራሽ ውስጥ የምትገባበት ዓይነት ነው። ጋሻ የያዘውን ፊት ታቆማለህ። ከርቀት የሚመታውን ከኋላው። ቁስል የምታክመውን መሃል። አንዱ ደግሞ ቀድሞ ሄዶ መንገዱን ያያል። እሁድ እሁድ ዘርአ ዳዊት ቤት ተሰብስበን፣ ለአንድ ውጊያ ማን የት ይቁም ብለን ሦስት ሰዓት እንጨቃጨቅ ነበር።

በኋላ የራሳችንን ጌም ለመሥራት ተነሣን። ታሪኩ አንኮበር ላይ የሆነ። አራቱን ተዋጊዎች በራሳችን አምሳል ሠራናቸው። ጋሻ ዘርአ ዳዊት። ወንጭፍ እኔ። ሐኪም ትርሲት። ቃኚ ወርቄ።

ወርቄ ሁለት ሙዚቃ ነበር የጨረሰው።

አንዱ የመንገድ ነው። ዋሽንት ብቻ፣ ቀስ ያለ።

ሌላው የውጊያ ነው። ከበሮ።

«ከበሮው ጠላት ከመታየቱ በፊት ነው መጀመር ያለበት» ይል ነበር። «ሰው ዓይኑ ሳያይ ጆሮው ይፍራ።»

ዘርአ ዳዊትም የራሱ ስልት ነበረው። ጠላት ሲበዛ ሜዳ ላይ አትዋጋ። ቤት ግባ፣ በሩን ያዝ። አንድ በአንድ ይመጡልሃል።

በዚህ ስልት ተሸንፈን አናውቅም።

ያን ቅዳሜ የሄድነው ለጌሙ የነፋስና የውኃ ድምፅ ልንቀዳ ነው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ሄድን። ከአንኮበር ቁልቁል በእግር ወረድን። ቀድተን ስንጨርስ ወርቄ ዋሽንቱን በስልኩ ከፈተው። ስልኩ ከትርሲት ቦርሳ ላይ ከተንጠለጠለች ትንሽ ስፒከር ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቷል። ሙዚቃው እዚያ አገር ላይ እንዴት እንደሚሰማ ሊያይ ፈልጎ ነው።

ቆንጆ ነበር። እውነቴን ነው... በጣም ቆንጆ ነበር።

ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ መጣ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከፊቴ ያለውን ሰው ጫማ ብቻ ነበር የማየው። ካፊያው ሁላችንንም አራሰን።

ወርቄ ቆመ።

«መንገዱን ልየውና ልመለስ። እንዳትነቃነቁ።»

«ብቻህን አትሂድ» አለችው ትርሲት።

«ቃኚ አይደለሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ሲስቅ የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ጉሙ ውስጥ ገባ። ዋሽንቱ መቆራረጥ ጀመረ... ከዚያ ጠፋ። ስልኩ ሲርቅ ስፒከሩ ዝም ማለቱ የታወቀ ነው። አልገረመንም።

ቆመን ጠበቅን።

ዱም።

ሦስታችንም ወደ ስፒከሩ ዞርን።

ዱም... ዱም...

ከበሮው ነው።

«ተመለሰ ማለት ነው» አለች ትርሲት። «ስልኩ ቀርቧል።»

ወርቄ የሄደበትን አቅጣጫ እያየን ጠበቅን።

የመጣው ግን ከኋላችን ነው።

«ጋሻ።»

ዘርአ ዳዊት ደንግጦ ዞረ። ወርቄ ቆሟል። ሁለት እርምጃ እንኳ አይርቀንም። ሲመጣ ኮቴ አልሰማንም።

«ጋሻ» አለ እንደገና። «ከታች ቤት አለ። ግቡ። እየመጡ ነው።»

«እነማን?»

«ግቡ።»

በዚህ ዘመን መንገድ ላይ «እየመጡ ነው» ሲባል፣ እነማን እንደሆኑ ቆሞ የሚያጣራ የለም። ሮጥን።

ቤቱ ሰው የለቀቀው የድንጋይ ቤት ነው። ክዳኑ ግማሹ ወድቋል። መስኮት የለውም። ያለው አንድ ጠባብ በር ነው፣ መዝጊያውም ተነቅሏል። ውስጡ የበግ በጠጥና የእርጥበት ሽታ አለው። ግድግዳው ሥር አንድ አሮጌ ሞፈር ወድቆ ነበር።

ወርቄ በአጠገባችን አልፎ ጨለማው ጥግ ሄደና ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ቆመ።

«ጋሻ በሩ ላይ። ወንጭፍ ከኋላው። ሐኪም መሃል።»

ጌም ላይ እንደምንቆመው ቆምን። ዘርአ ዳዊት ሞፈሩን አነሣ። እኔ ከፈረሰው ግድግዳ ድንጋይ ሰበሰብኩ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት...

ከሦስታችን ልብስ ውኃ ይንጠባጠባል። የወርቄ ጃኬት ደረቅ ነው።

ብርዱ ከባድ ነበር። ስንተነፍስ ከሦስታችን አፍ እንፋሎት ይወጣል።

ከሱ አፍ አይወጣም።

አይቼዋለሁ። አላየሁም አልልም። ግን ሰው ሲፈራ የሚያስበው ከፊቱ ስላለው በር ነው፣ ከኋላው ስላለው ጓደኛው አይደለም።

ከበሮው ፈጠነ።

«ወርቄ፣ አጥፋው!» አለች ትርሲት በሹክሹክታ። «ይሰሙናል!»

ከጥጉ አልተነቃነቀም።

ስፒከሩን ከቦርሳዋ ነጥቃ ማጥፊያውን ተጫነችው። ሰማያዊዋ መብራት ጠፋች።

ከበሮው አልጠፋም።

ድንገት ዘርአ ዳዊት «ወይኔ!» ብሎ በጉልበቱ ወደቀ። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አጠገቡ ተንከባለለ።

«መቱኝ! ውጭ ናቸው... መቱኝ!»

ደሙ በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ትርሲት ሻርፗን አውልቃ ቁስሉን ጫነችው። እጇ ቀጥ አለ።

«ዘርአ... ፊትህ ወደ ውጭ ነበር?»

«አዎ!»

«ቁስሉ እኮ ማጅራትህ ላይ ነው...»

አልጨረሰችውም። ከውጭ የሚሮጥ ኮቴ ተሰማ። ጭቃ እየረገጠ፣ እየተንሸራተተ፣ እያለከለከ ይመጣል።

«መጣ» አለ ከጥጉ። «ምታው።»

በሩ ላይ አንድ ሰው ደረሰ። ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ ነው። የጃኬቱ ኮፍያ ፊቱን ሸፍኖታል። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ዘልቆ ሊገባ ነው።

ዘርአ ዳዊት ሞፈሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አሳረፈበት።

ትከሻው ላይ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

ሰውየው ወደ ጎን ወደቀ። ግን በአንድ እጁ መሬቱን ተደግፎ ተነሣ። ወደ ውጭ አልሸሸም... ወደ እኛ መጣ። አንገቱን ቀና አደረገ። ሊናገር አየር ሳበ።

«አፉን!» አለ ከጥጉ። «አፉን ምታው!»

ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ።

ከሁለት ሜትር የሚስት የለም። አገጩ ላይ ሲያርፍ ጥርሶቹ በበሩ ደፍ ላይ ሲበተኑ አየሁ። ከሰውየው ጉሮሮ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ደም የሞላው ጉርጉርታ ነው።

«ድገመው» አለ ከጥጉ፣ በጣም ረጋ ብሎ።

ደገምኩት። ይህን ጊዜ አልወረወርኩም። ድንጋዩን በእጄ እንደያዝኩ ተጎንብሼ መታሁት። ሁለት ጊዜ። የትኩስ ደም ፍንጣቂ ከንፈሬ ላይ አረፈ። ዘርአ ዳዊት በሞፈሩ ጎኑን መታው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። በመጨረሻው ምት ሞፈሩ ለሁለት ተሰበረ።

ደስ ብሎኝ ነበር።

ወርቄ ሁሉንም ጻፈው ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው። በዚያች ደቂቃ ፍርሃቴ ጠፍቶ ደስ ብሎኝ ነበር። ስልታችን ሠርቷል ብዬ።

«አቁሙ!»

ትርሲት ናት። በወደቀው ሰው ላይ ተደፍታ በገላዋ ሸፈነችው። የኔ ድንጋይ ለጥቂት ጭንቅላቷን ሳተው።

«አቁሙ! እጁን እዩት!»

የሰውየው ጣቶች አንድ ስልክ ጨምድደው ይዘዋል። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ግን በርቷል።

የወርቄ ስልክ ነው።

ከበሮው ቆመ።

ቀስ በቀስ አይደለም። ልክ በር እንደተዘጋበት ቆመ።

ትርሲት ኮፍያውን ገለጠችው። ከዚያ እሪ አለች። ነርስ ናት፣ ብዙ የተጎዳ ሰው አይታለች። እንደዚያ ስትጮህ ግን ሰምቻት አላውቅም።

ወርቄ ነው።

ከአፍንጫው በታች ያለው ፊቱ ፊት አይመስልም። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ሌላው ክፍት ነው፣ እኔን ያያል። ሊለኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። የሚልበትን አፍ ግን አሳጥቼዋለሁ።

ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ።

ሦስታችንም ቀስ ብለን ወደ ጥጉ ዞርን።

ማንም የለም።

ቤቱ አንድ በር ነው ያለው። በሩ ላይ ያለነው እኛ ነን። በመካከላችን ያለፈ የለም። ዘርአ ዳዊት የተሰበረውን ሞፈር ይዞ እያለቀሰ ጥጉን ወጋው፣ ግድግዳውን ደበደበው። ድንጋይ ብቻ ነው የመለሰለት።

በኋላ፣ ከሦስት ወር ሕክምና በኋላ፣ ወርቄ የደረሰበትን ጻፈልኝ። አርባ እርምጃ ያህል እንደሄደ ከኋላው የራሱን ድምፅ ሰማ። እኛን ሲያናግር። ሮጦ ሲመለስ አራት ሰው ተከታትሎ ቁልቁል ሲወርድ አየ። እየወደቀ እየተነሣ ተከተለን። በየስማችን ጠራን።

«ጉሮሮዬ እስኪደማ ጠራኋችሁ» ነው ያለው። «እንዴት አልሰማችሁኝም?»

እኛ የሰማነው ከበሮ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ግን ይህን ለመጠየቅ ጊዜም አፍም አልነበረንም። ትርሲት በሻርፕዋ መንጋጋውን ከአናቱ ጋር አሰረችው። ደሙ እንዳያንቀው ፊቱን ወደ ጎን አዘነበለችው። እጇ አይንቀጠቀጥም፣ እንባዋ ግን አያቋርጥም ነበር።

«ይተነፍሳል» አለች። «አሁን ካላወጣነው ይሞታል።»

የማናችንም ስልክ ኔትወርክ የለውም። ለመቀመጫ ይዘነው የነበረውን ብርድ ልብስ አነጠፍንና አስተኛነው። እኔና ዘርአ ዳዊት በራስጌው በኩል ያሉትን ሁለት ጫፎች ያዝን። በግርጌው ያሉትን ሁለቱን ትርሲት ለብቻዋ ያዘች። እኛ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ጉሙን እየሰነጠቅን ዳገቱን ጀመርን።

መጀመሪያ ላይ በጣም ከበደን። በየሃያ እርምጃው እናርፋለን። ዘርአ ዳዊት ከማጅራቱ የሚወርደው ደም ጀርባውን አልብሶታል።

«ይቅር በለኝ» ይላል። «ወርቄ፣ ይቅር በለኝ። ወርቄ...»

ሌላ ቃል አልነበረውም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከወጣን በኋላ ቀለለን።

ደክሞን ሰውነታችን ደንዝዞ መሰለኝ። ግን እርምጃችንም ፈጠነ። ማረፍ ተውን።

«ባዩ...» አለች ትርሲት ከኋላ። ድምፅዋ በጣም ቀጭን ነው።

«ወዬ።»

«ወደ ኋላ እንዳትዞር።»

«ምን ሆንሽ?»

አራት አምስት እርምጃ ሄድን።

«አትዙር ብቻ። አትቁሙም።»

«ትርሲት፣ ምንድን ነው?»

«እኔ የያዝኩት የግራውን ጫፍ ብቻ ነው።»

አልዞርኩም።

ወደ ታች ብቻ አየሁ፣ ጉልበቴ አጠገብ ወዳለው ወደ ወርቄ ፊት። ብርድ ልብሱ በአራቱም ማዕዘን ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ወርቄ እኔን አያይም። የተከፈተችው አንድ ዓይኑ ትርሲት ባልያዘችው ጫፍ በኩል፣ የሰው ፊት በሚሆንበት ቁመት ላይ ተተክላ ቀርታለች... አትርገበገብም።