ቡናው ሽታ እንዳይዝ

የዱመርሶ ገበሬ ለቡናው ይሳሳል። ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ሽታ የያዘ ቡና ደግሞ ገዢ ፊት ሲቀርብ ባለቤቱን ያሳፍራል። ስለዚህ ጎሹ የአረም መድኃኒቱን ከቡናው አርቆ መኝታ ቤት ያስቀምጥ ነበር። ጎረቤቶቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። እናንተም ታደርጉ ይሆናል።

አምና ልጁን ናፍቆትን ከጪጩ ገበያ አምሽታ መጣች ብሎ ተቆጣት። እያለቀሰች ወደዚያ ክፍል ገባች፤ በሕይወት አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ነፋስ በሩን ባንኳኳው ቁጥር እሷ የምትወጣ ይመስለዋል። ሰው ሲጠይቀው ግን አንድ መልስ ነበረችው፦ «ወስና ነው። የወሰነን ማን ይመልሳል?» ይህች ቃል ምርኩዙ ነበረች። እሷ ወስና ከሆነ፣ እሱ ምን ማድረግ ይችል ነበር?

ሐዘናቸውን ልትጠይቅ የመጣችው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ኤልቤቴል፣ ይህን ምርኩዝ ነጠቀችው።

«ጋሽ ጎሹ፣ ብዙ ጊዜ ውሳኔ አይደለም» አለችው። «አእምሯችን ውስጥ ስሜትን የሚያረግቡ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነሱ ሲዛቡ ልጓሙ ይላላል፤ የወጣት ልጓም ደግሞ ገና አልጠነከረም። ሐዘኑ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ያ ክፉ ግፊት ግን መጥቶ ያልፋል። እስኪያልፍ ሰው አጠገቡ ይኑር፣ የሚጎዳው ነገር ይራቅ። ፊት ለፊት መጠየቅም አትፍሩ።»

«እና እኔ ገደልኳት ልትዪኝ ነው?»

«አላልኩም። ወንድሟ አብዲሳ አሁንም አለላችሁ ነው የምለው።»

ጎሹ ተነስቶ ወጣ። ሚስቱ ብዙነሽ ግን የአረም መድኃኒቱን ከመኝታ ቤት አውጥታ ለገበሬዎች ማኅበር መጋዘን አስረከበች።

«ለአንድ ርጭት ያን ሁሉ መንገድ ልመላለስ?» ብሎ ተነጫነጨ።

«ተመላለስ» አለችው።

የፈተና ውጤት ሲመጣ አብዲሳ አላለፈም። ጎሹም አፉ አላረፈለትም፤ «ያንተ ነገር በቃኝ» አለው። የልጁ ፊት ጠቆረ። ወደዚያ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

ያን ጊዜ በሩን ያንኳኳው ነፋስ አልነበረም። ጎሹ ተከተለው። አብዲሳ ተንበርክኮ መድኃኒቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ በእጁ ይዳብሳል።

«ልትሞት አስበህ ነው?» አለው።

ልጁ በአዎንታ ራሱን ነቅንቆ አለቀሰ። ጎሹ አብሮት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም፣ አልመከረም፣ ብቻ አልተነሳም። ብዙነሽ ለኤልቤቴል ደወለች፤ «እየመጣሁ ነው፣ ብቻውን አትተዉት» አለቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አብዲሳ አፍንጫውን ጠረገና ቀስ ብሎ፣ «ቆጮ የለም?» አለ።

ብዙነሽ ልታቀርብለት ስትወጣ ጎሹ ከበሩ ላይ ሆኖ ጠራት።

«የናፍቆት እናት።»

ከአምና ወዲህ በዚህ ስም የጠራት ሰው አልነበረም። ቆም ብላ አየችው።

«እሷም እኮ» አለ ጎሹ፣ «ትንሽ ብትቆይ ይርባት ነበር።»