ዕጣው ሁልጊዜ ማህሌት ላይ

«ይህች ቁልፍ የማን ናት?» አሉ መምህር ካሳሁን።

ጥቁሯን የኮት ቁልፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ለክፍሉ አሳዩ። ጥያቄው ለወጉ ያህል ነበር እንጂ የቁልፏን ባለቤት የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ማህሌት ከወንበሯ ተነሳች። ከኋላ አንዱ «አሁንም እሷ?» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። እሷም ፈገግ ብላ ጠመኔውን ተቀበለች፤ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ዴሪቬቲቩን ደረጃ በደረጃ አወጣችና እጇን አራገፈች። መምህሩ «አስር ከአስር፣ ለአምስታችሁም» ብለው መዘገቡ።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ አጠገቧ የምትቀመጠው የቡድን ጓደኛዋ ዮርዳኖስ ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ «አንቺ ልጅ፣ ዕድል ይወድሻል» አለቻት። ማህሌትም የምታስበው ይህንኑ ነበር። እንዲያውም ባለፈው እሁድ ቤተክርስቲያን ሄዳ ስለዚሁ ዕድሏ አመስግናለች።

ዕጣውን ያወጣው ኤርሚያስ ግን አልሳቀም። ቦታው ከተቀመጠ በኋላም ዞሮ ዞሮ ያይ የነበረው እሷን ሳይሆን ዮርዳኖስ እጅ ላይ ያለውን የዕጣ ኮፍያ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ካልኩለስ በተጀመረ ሰሞን ነው። መምህር ካሳሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የቤት ሥራ ደብተር ሰብስበው ሲያርሙ፣ ግማሹ ክፍል አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሠርቶ አገኙት። በማግስቱ ደብተሮቹን መለሱና «ደብተሮቻችሁን አግኝቻለሁ፤ እናንተን ግን አላገኘኋችሁም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ደብተር መሰብሰብ ቀረ። ክፍሉን አምስት አምስት አድርገው በቡድን ከፈሉት። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው ወጥቶ የቤት ሥራውን ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ እሱ ያገኘው ውጤት የአምስቱም ውጤት ይሆናል። የቤት ሥራ ከመቶው ሃያውን ይይዛል። «የኔ ውጤት በሰው እጅ ለምን ይሆናል?» ብሎ ያልተቆጣ ተማሪ አልነበረም። መምህሩ ግን «እንግዲያው ጓደኛህን አስተምረው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም።

የሚወጣው ሰው የሚለየው በዕጣ ነው። መምህር ካሳሁን ጉባ ላፍቶ ገጠር ያደጉ ሰው ናቸውና ዕጣውን የቅርጫ ሥጋ እንደሚከፋፈልበት አደረጉት። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ያመጣል፤ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ያገኘውን። የመምህሩ የሱፍ ኮፍያ በቡድኑ ሲዞር ሁሉም ምልክቱን ይጥላል። ከዚያ ከሌላ ቡድን የተጠራ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እጁን ያስገባና መጀመሪያ የነካውን ያወጣል። መዳሰስና ማማረጥ ክልክል ነው። ዕጣ ያጭበረበረ ቡድን ደግሞ የሴሚስተሩ የቤት ሥራ ውጤት በሙሉ ዜሮ ይሆንበታል፤ ይህን የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ግን ማንም አልረሳውም።

ለማህሌት ይህ ሃያ ነጥብ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ያስፈልጋታል። ሴሚስተሩን አንደኛ ሆኖ የሚጨርስ አንድ ተማሪ ወልድያ ለሚከፈተው የማጠናከሪያ ትምህርት ይላካል። መኝታው እዚያው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ማታ ክፍት ነው ተብሏል። የእሷ ቤት መርሳ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር፣ የአባቷ ጋራዥ ጀርባ ነው። መዶሻው ሲያርፍ የጄኔሬተሩ ድምፅ ይቀጥላል፤ ቆርቆሮ በሚቀጠቀጥበት ቤት ስለ ሊሚት ማሰብ ምን እንደሚመስል እሷ ናት የምታውቀው። ለዚያ ወንበር ከእሷ ጋር አንገት ለአንገት የተያያዘው ደግሞ ኤርሚያስ ነው።

የዚያን ቀን ከክፍል ሲወጡ ኤርሚያስ በር ላይ ጠበቃት።

«ዕድልሽ ይገርማል» አላት።

«ቀናህ?»

«እጄ ኮፍያው ውስጥ ከቁልፍሽ ሌላ ምንም አልነካም።»

«መዳሰስ ክልክል ነው።»

«አልዳሰስኩም። ባዶ ኪስ ውስጥ እጅሽን ስትከቺ ባዶ መሆኑን ለማወቅ መዳሰስ ያስፈልጋል እንዴ? ማስረጃ ስለሌለኝ ነው ለቲቸር ያልነገርኩት» አለና ጥሏት ሄደ።

ማህሌት በሽቃ ቤቷ ገባች። በሂሳብ ሲያቅተው በወሬ ሊጥለኝ ነው ብላ ደመደመች። አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ግን ነገሩ አልለቃት አለ። እውነት ለምን ሁልጊዜ እሷ? ያለፉትን ሳምንታት መለስ ብላ ስታስብ አንድም ጊዜ ከቡድኗ ሌላ ሰው ወጥቶ አያውቅም። በሌሎቹ ቡድኖች ዕጣው አንዴ ጎበዙ ላይ፣ አንዴ ሰነፉ ላይ ይወድቃል፤ የእነሱ ግን ከእሷ አይነቃነቅም። ዕድል እንዲህ ይሠራል? ሂሳብ የምትወድ ልጅ ናትና ይህን ጥያቄ ለራሷ መመለስ አላቃታትም። ደስ ግን አላላትም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው መምህሩን ነበር። ሞተራቸው በተበላሸ ቁጥር የሚጠግንላቸው አባቷ ነው፤ ምናልባት ሊጠቅሙኝ አስበው ይሆን አለች። ግን እሳቸው ኮፍያውን ነክተውት አያውቁም። ቀጥሎ ከቡድኗ ልጆች ናስርን ጠረጠረች። ናስር ከግራና ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ መርሳ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው፣ ፈተና ላይም ደህና ውጤት አይቶ አያውቅም። ኮፍያው ሲደርሰው እጁን ከተት አድርጎ ወዲያው ያወጣና ጭኑ ሥር ይደብቃታል። ከዚያ በኋላ እሷን አያያትም። ሰሌዳ ላይ መዋረድን ፈርቶ ምልክቱን ሳይጥል ያስቀራል ብላ አሰበች። እንግዲህ እሱ ከቀረ አራት ነን፤ አራትም ቢሆን ግን ሁልጊዜ እሷ ላይ ሊወድቅ አይችልም።

በቀጣዩ ሳምንት ዕጣው እንደወትሮው ለእሷ ወጣ። እሷ ግን በዚያን ቀን ሌላ ነገር አየች። ዕጣው እንደወጣ ኮፍያውን ከመምህሩ ጠረጴዛ ቀድማ የምታነሳው ዮርዳኖስ ናት፤ ምልክቱን ለየባለቤቱ የምታከፋፍለውም እሷው ናት። ማህሌት ይህን እስከዛሬ ቅልጥፍና ነው የምትለው። አሁን እጇን ዘርግታ «አምጪው እኔ ላከፋፍል» ስትላት ዮርዳኖስ ኮፍያውን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችና «አንቺ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» አለቻት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማህሌት ጓደኛዋን በዚያ ዓይን አይታት አታውቅም፤ ማየቷ ራሱ አሳፈራት።

ቅዳሜ ዕለት ናስር ቼይን ሩል የሚባለውን የዴሪቬቲቭ ሕግ አስረጂኝ ብሏት የግራና ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ጎን፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እሷ ለማስረዳት ብቻ አልነበረም የመጣችው። ለማውጣጣት ነው። ናስር ግን ስለ ሌላ ነገር ደንታም አልነበረው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲሠራ የውጪውን ዴሪቬቲቭ አወጣና የውስጠኛውን ማባዛት ረሳ። ሁለተኛው ላይም ረሳ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶውን አቆመ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዚያ «ውስጡ አለ» አለና ጨመረው። ልክ ነበር። ከዚያ ያለማቋረጥ ሠራ፤ ሚኒባስ ሲሞላ፣ ረዳቱ ሲጣራ፣ ቀና አላለም። ማህሌት ይህን ልጅ ሰነፍ ማለቷን አሰበችና አዘነች።

«እኔ እኮ መውጣት እፈልጋለሁ» አላት ደብተሩን እየዘጋ። «አንድ ቀን እንኳን ሰሌዳው ጋ ቆሜ ብሠራው ደስ ይለኝ ነበር።»

«ምልክትህን ካልጣልክ እንዴት ትወጣለህ?»

ናስር ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኔ ብቻ አይደለሁም» አለ። «ማናችንም አንጥልም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። እጃችንን እንከትና ጨብጠን እናወጣዋለን። የምትጥዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ታውቂያለሽ ብዬ ነበር የማስበው፤ እንደማታውቂ ኋላ ነው ነቄ ያልኩት።»

«የማን ሐሳብ ነው?»

«ኮፍያውን ሁልጊዜ ማን ነው የሚያነሳው?» አላት።

ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ የዮርዳኖስ እናት ሱቅ ሄደች። ዮርዳኖስ ሳሙና እየደረደረች ነበር፤ የማህሌትን ፊት ስታይ ገባትና እናቷን «መጣሁ» ብላ ወጣች። አልካደችም። እንደዚያ በቀላሉ ማመኗ ማህሌትን ይበልጥ አናደዳት። ሌሎቹ የቡድናቸው ልጆች፣ ሮማንና አሚር፣ ወዲያው ነው የተስማሙላት፤ ናስርን ግን ማግባባት ነበረባት። ሁሉንም በረጋ መንፈስ ነገረቻት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ዮርዳኖስ። «ሳምንቱን ሙሉ እያስጠናሽን፣ በኔ ቀሽም አሠራር ውጤትሽ ይበላሽ? ወልድያ እንድትሄጂ ነው። ቲቸር ያወጣው ሕግ ነው አንቺን የሚጎዳው፤ እኔ አስተካከልኩት።»

«ላንቺም ውጤት ነው።»

«ለኔም ነው። አልካድኩም። ግን አንቺ አትሠሪውም ነበር? ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው ሁሉ የራስሽ እውቀት ነው። ማንን ሰረቅን?»

ማህሌት እግዜርን ያመሰገነችበትን እሁድ አስታወሰች፤ የተሸወደች ሞኝ ሆና ተሰማት። ደግሞ በዚያው ልክ ሌላ ስሜት ነበራት፣ ለማንም የማትናገረው። ዮርዳኖስ ለእሷ ብላ ይህን ማድረጓ ደስ ብሏት ነበር። የቀረው የመጨረሻው የቤት ሥራ ብቻ ነው። ዝም ብትል ሰኞ ያልፋል፤ ወልድያም ትሄዳለች። ብትናገር አምስቱም ዜሮ ናቸው፣ ወንበሩ የኤርሚያስ ይሆናል፣ ዮርዳኖስም ከእንግዲህ ጓደኛዋ አትሆንም። ናስር ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል፤ ወይስ እሱም አጥፍቷል? ሱቁ በር ላይ ቆማ «እሺ» ሳትል፣ «እምቢ»ም ሳትል ተለያዩ።

ሰኞ የእነሱ ቡድን ተራ ሲደርስ መምህር ካሳሁን ዕጣ አውጪ እንድትሆን ቶይባን ጠሩ። ቶይባ በማንም ላይ የማትደርስ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ እጇ ምን እንደነካና እንዳልነካ የምትመራመር አይደለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ማህሌት ይህንን ስታይ በእፎይታ መተንፈሷን ራሷ ሰማችው።

ማህሌት የቡድን መሪ ስለሆነች ኮፍያው መጀመሪያ ለእሷ ነበር የሚሰጠው። ዛሬ ግን ተቀብላ ለአሚር አሳለፈችው።

«እኔ መጨረሻ» አለች።

የአሚር እጅ ገብታ ወጣች። የሮማን ገብታ ወጣች። ዮርዳኖስ ጨብጣ ስታወጣ ማህሌትን በጎን አየቻትና «እንዳትቀብጪ» አለቻት በሹክሹክታ። ናስር ጋ ሲደርስ እጁ ኮፍያው ውስጥ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አወጣትና፣ እንደሌላው ጊዜ ጭኑ ሥር ሳይደብቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አስቀመጣት። ባዶ ነበረች።

ማህሌት ኮፍያውን ተቀብላ ወደ ውስጥ አየች። ከታች፣ ሱፉ ላይ፣ የናስር ምልክት፣ አንዲት የቴምር ፍሬ፣ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ቁልፏ አሁንም መዳፏ ውስጥ ናት። ብትጥላት ሁለት ይሆናሉ፤ ቁልፏ ትልቅ ናት፣ የቶይባ ጣት ቀድማ የምትነካው እሷን ሊሆን ይችላል። ባትጥላት ናስር ይወጣል፤ ናስር ደግሞ ይሠራዋል። በሁለቱም መንገድ ማንም ምንም አያውቅም። ይህ ነበር ያስፈራት፤ በሁለቱም መንገድ ማንም ምንም አለማወቁ። ዮርዳኖስ በእግሯ ነካ አደረገቻት። ክፍሉ መቁነጥነጥ ጀመረ።

ማህሌት ተነሳች። ኮፍያውን ለቶይባ አልሰጠችም፤ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ወሰደችው።

«ቲቸር፣ ቶይባ ከማውጣቷ በፊት እርስዎ ይዩት» አለች። «አንድ ብቻ ነው ያለው፣ የናስር። እስከ ዛሬ ድረስም አንድ ብቻ ነበር፣ የኔ። መጀመሪያ አላውቅም ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ ግን አውቃለሁ።»

መምህር ካሳሁን ኮፍያውን ወደ ውስጥ አይተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልተቆጡም፤ ብቻ ፊታቸው ደከመ።

«ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ወልድያም አለ።»

«አውቃለሁ ቲቸር።»

ከኋላዋ ወንበር ተንሸራተተ። ናስር ቆሞ ነበር። እጁ ደብተር አልያዘችም።

«ቲቸር» አለ፣ «ዜሮም ቢሆን ልሥራው?»

መምህር ካሳሁን ጠመኔውን አነሱና ለማህሌት ሰጧት። እሷም ለናስር አቀብላው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዮርዳኖስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፤ ቦርሳዋን የማህሌት መቀመጫ ላይ አድርጋዋለች። ከኋላ ባዶ ወንበር ነበር። ማህሌት ወደዚያ አልሄደችም። ዮርዳኖስ ቦርሳዋን እስክታነሳ ድረስ እዚያው አጠገቧ ቆማ ጠበቀች።