በእኔ አድራሻ የደወለችው

ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እህቴም መጀመሪያ ስቃ ነበር። ግን የምነግራችሁ ሁሉ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ክፍሉን ሞልታዋለች። በጠራራ ፀሐይ ሰው ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሰራው እዚያው የምኖርበት አፓርታማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታላቅ እህቴ አግብታ ከወጣች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ሙሽሮቹ እንኳ ልካቸውንና ፎቶውን በስልክ ስለሚልኩልኝ ደረጃውን የሚወጣ ሰው የለም።

አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳልናገር እውላለሁ።

የዚያን ቀን ኢንተርኔቱ ጠፋ። ወደ ኢንተርኔት ድርጅቱ ደወልኩ። ያነሳችው በሰው ፈንታ ስልክ የምትመልሰው ማሽን ናት። ማር የመሰለ የሴት ድምፅ አላት።

ከማሽን ጋር ማውራት አልወድም። እህቴ፣ «አንቺ ደግሞ ከግድግዳም ትጣያለሽ» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ የማይሰማኝን ነገር «እባክሽ» ማለት ያንገበግበኛል።

«ሰው አገናኝኝ» አልኳት።

«ይቅርታ። በዚህ አድራሻ ያሉ ሌላ ደንበኛ አሁን መስመር ላይ ናቸው።»

«ተሳስተሻል። ብቻዬን ነው የምኖረው።»

ዝም አለች...

ማሽን ዝም ይላል እንዴ?

«እሳቸውም ብቻዬን ነኝ ነው የሚሉት» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ይኸው፣ ሰውን አባረው እሷን አስቀመጡልን! «ሰው! ሰው አገናኝኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሙዚቃ... ሙዚቃ... ከዚያ የደከመ የወንድ ድምፅ መጣ። እፎይ አልኩ። የሰው ድምፅ እንዲህ ይናፍቃል?

«አቤት እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

ማሽኗ ያለችኝን ነገርኩት። እየሳቀ፣ «ትቀባጥራለች አንዳንዴ፤ ቆይ ልየው» አለ።

ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«እህቴ... እውነትም አንዲት ሴት አለች። በየቀኑ ትደውላለች።»

«ለምን?»

«ለማውራት። ከማሽኗ ጋር ዝም ብላ ታወራለች።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልብስ ትሰፊያለሽ እንዴ?»

አልነገርኩትም ነበር።

«አዎ...»

«"አብራኝ ያለችው ሴት ቀን ሙሉ ትሰፋለች። አንድ ቀን እንኳ አታናግረኝም" ነው የምትለው።»

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ።

«መስመሯን ከፍቼዋለሁ» አለ በሹክሹክታ። «እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ።»

«ምን ልበል?»

ከወዲያ የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ።

«ወንድሜ?»

«በሷም ስልክ ሰማሁሽ» አለ። «እህቴ... ቅርብ ናት። በጣም ቅርብ።»



መቀሱ እጄ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ክፍልና ከትንሿ ወጥ ቤት ሌላ ያለው የእህቴ የድሮ መኝታ ክፍል ብቻ ነው። ከሄደች ወዲህ ዘግቼዋለሁ። ባዶ አልጋዋን ማየት አልፈልግም።

በሩን በእግሬ ገፋሁት።

ፍራሽ። ባዶ ቁምሳጥን። ሌላ ምንም።

«ማነሽ?» አልኩ። «እዚህ ነሽ?»



ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ። «ማንም የለም... ወንድሜ? አለህ?»

ሰውየው የለም። ያ ማር የመሰለ ድምፅ ተመልሶ መጥቷል።

«ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን። ሌላዋ ደንበኛችን «አታናግረኝም» የሚለውን ቅሬታቸውን ሰርዘዋል።»

«ምን?»

«ምክንያቱን ሲገልጹ... "አናገረችኝ" ብለዋል።»

ጫማ አላደረግኩም። በር አልዘጋሁም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት ዛሬም አላስታውስም።

የሕንፃው ጥበቃ ወጥቶ ፈተሸ። አልጋ ሥር ሳይቀር አየ። «ልጄ፣ ማንም የለም፤ ሥራው ነው ያደከመሽ» አለኝ። ቆልፎ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የዚያን ቀን እህቴ ዘንድ አደርኩ።

በማግስቱ ዕቃዬን ልናመጣ አብረን ሄድን። በሩ እንደተቆለፈ ነው። እህቴ ደረጃውን ሁሉ ስታሾፍብኝ ነው የወጣችው። «ልብሷ የዘገየባት ሙሽሪት ልትጠልፍሽ መጥታ ነው» ትለኛለች።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«እታለም፣ ምንድን ነው?» አልኳት።

በትከሻዋ አሻግሬ አየሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ተቀድቷል። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው ብርጭቆ ተጋምሷል። ሌላኛው አልተነካም፤ ወንበሩም ለሚመጣ ሰው እንደሚደረገው ወደ በሩ ዞር ተደርጎ ተስቧል።

በተጋመሰው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ... ገና ይወዛወዝ ነበር።